የስፔንን የባሕር ዳርቻ በባቡርና በጀልባ፦ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የት ድረስ ይኬዳል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰኔ በገባ ቁጥር ከጀርመን፣ ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ አንዳንዴም ከአሜሪካ ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ባርሴሎና ወይም አሊካንቴ ላይ ማረፊያ ይዞ የባሕሩን ዳርቻ ለማየት መኪና መከራየት ግድ ነው ወይ የሚል ነው። ግድ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ መኪና ይዞ ወደነዚያ ትንንሽ የባሕር ከተሞች መግባት ማለት ግማሹን ቀን መንገድ ላይ፣ የቀረውን ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ፍለጋ መጨረስ ነው። ባቡሩ በብዙ ቦታ ከውኃው ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ ይሄዳል፤ ባቡር በማይደርስበትም ጀልባ አለ።

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ግን ያንን ለማለት ብቻ አይደለም። አጥብቄ የማምንበት ነገር አለ፦ የአንድ ቀን ጉዞ ሲታቀድ መጀመሪያ መታየት ያለበት ጀልባው ነው። ባቡር አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይከተላል። ጀልባው ግን ከባርሴሎና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ባለው ኮስታ ብራቫ በሚባለው ዳርቻ ከፋሲካ ሰሞን እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በወቅቱም ቢሆን ባሕሩ ሲናወጥ ይቀራል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ጀልባው ባይነሳ በምን እመለሳለሁ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያልተገኘለት ጉዞ፣ አዳር ሊሆን እንደሚችል ታውቆ መያዝ አለበት።

ለእንግዶቼ መጀመሪያ የማሳያቸውን መንገድ በምሳሌነት ላቅርብ። አር 1 የሚባለው የከተማ ዳርቻ ባቡር ከፕላሳ ካታሉኛ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲያቀና፣ በቀኝ በኩል የተቀመጠ ሰው ከባዳሎና ጀምሮ ባሕሩ ከዓይኑ አይጠፋም። ከባርሴሎና እስከ ማታሮ ያለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1848 የተከፈተ ሲሆን፣ በስፔን ዋና ምድር ላይ የመጀመሪያው የባቡር መንገድ እሱ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዞ ብላኔስ ይደርሳል። ኮስታ ብራቫ የሚጀምረው እዚያ፣ ሳ ፓሎሜራ ከሚባለው ከአሸዋው ጋር ከተያያዘ ቋጥኝ ላይ ነው። ከብላኔስ በኋላ ሐዲዱ ባሕሩን ትቶ ወደ መሀል አገር ስለሚታጠፍ፣ ሎሬት ደ ማርም ሆነ ቶሳ ደ ማር ባቡር የላቸውም። ወደ እነርሱ የሚወስደው ጀልባ ነው።

የጀልባው አሠራር በደንብ ሊታወቅ ይገባል። በነዚህ ከተሞች ሰው የሚሳፈረው ከወደብ ሳይሆን ከአሸዋው ላይ ነው። ጀልባው አፍንጫውን ቀስ ብሎ አሸዋው ላይ ያሳርፍና፣ ከፊቱ ግራና ቀኝ መደገፊያ ያለው ጠባብ መወጣጫ ይዘረጋል። ሠራተኛው ተሳፋሪውን በክንዱ ይዞ ያቆየዋል፤ አንዱ ሞገድ አልፎ ሌላው እስኪመጣ ባለችው ፋታ ቶሎ ያሳልፈዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩም ደምቆ ሳለ ጀልባ ቀርቷል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ትናንት በሩቅ የነፈሰ ነፋስ ያስነሳው ሞገድ ዛሬ ዳርቻውን ሲመታ ከዋለ፣ ያንን አፍንጫ አሸዋ ላይ ማሳረፍ አይቻልም። ቶሳ ላይ ይህ ቢያጋጥም ወደ ባርሴሎና የሚመለስ አውቶቡስ ስላለ ጉዞው ፈተናውን ያልፋል። የምጠይቀውም እንዲህ ያለውን ነው፤ የሄዳችሁበትን መንገድ ጻፉ፣ ጀልባው ቢቀር በምን እንደሚመለሱም ጨምሩበት።

የተሰጡት መልሶች በየተራቸው ከዚህ በታች አሉ። የጸሐፊዎቹን ቃል አልገለበጥኩም፤ ሐሳባቸውን ነው ያሰፈርኩት።

መልስ 1

ከሽቱትጋርት ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ የመጣ ወንድም፣ በብላኔሱ መንገድ ሄዶ እንደወደደው በትሕትና ጻፈ። የጨመረው ነገር ጠቃሚ ነው። የብላኔስ ባቡር ጣቢያ ከባሕሩ ዳር ሳይሆን ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚገኝ፣ ሕፃን የያዘ ሰው በፀሐይ ከመኳተን የከተማውን አውቶቡስ ቢጠብቅ ይሻለዋል። የሕፃን ጋሪም በዚያ ጠባብ መወጣጫ ላይ አይገፋም፤ እርሱ ጋሪውን አጥፎ ለሠራተኛው ሰጥቶ፣ ልጁን አቅፎ ነው የተሳፈረው።

መልስ 2

ማታሮ የምትኖር እህት መልስ 1ን አክብራ አረመችው። ልጆች ላሉት ሰው ከብላኔስ ይልቅ በዚያው መስመር ቀድማ በምትገኘው ካሌያ ላይ መውረድ እንደሚሻል፣ እዚያ ጣቢያው ከአሸዋው ጋር ጎን ለጎን እንደሆነና ጀልባውም እዚያው ዳርቻ ድረስ መጥቶ እንደሚያነሳ አስረዳች። በጀልባው ላይ የሚቆየው ጊዜ እንደሚረዝምና ዋጋውም ከፍ እንደሚል አልደበቀችም። ቀጥላም ባቡሩን ያለ ልክ እንዳናምነው አስጠነቀቀች፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ግሎሪያ የተባለው ማዕበል በማልግራትና በብላኔስ መካከል በቶርዴራ ወንዝ ላይ የነበረውን የባቡር ድልድይ አፍርሶታል። በአውሮፓው ክረምት፣ በብርዱ ወራት ለሚመጡ ሰዎች ይህ ማሳሰቢያ ተገቢ ነው።

መልስ 3

ከዙሪክ የጻፈው ሰው አልተስማማም። መኪና የሌለው ሰው የሚያየው ባቡሩ ያሳየውን ብቻ ነው፤ ካዳኬስን ያላየ ደግሞ ኮስታ ብራቫን አየሁ ሊል አይገባውም ባይ ነው። ስለ ካዳኬስ የተናገረው ልክ ነው። ባቡሩ ፊጌሬስ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ተራራውን በአውቶቡስ ተሻግሮ መሄድ የግድ ስለሆነ፣ ከባርሴሎና ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ያደክማል። ይሁን እንጂ አንዲት ከተማ ስላስቸገረች ዳርቻው ሁሉ ያለ መኪና አይታይም ማለት አይቻልም። ይህንኑ ጻፍኩለት፤ አልመለሰም።

መልስ 4

አሊካንቴ የምትኖር እህት የሰጠችው መልስ በክሩ ውስጥ ረጅሙ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። ትራም የሚባለው ባቡር ከመሀል ከተማ፣ ሉሴሮስ ከሚባለው የምድር ውስጥ ጣቢያ ተነስቶ ከከተማ ሲወጣ ባሕሩን በቀኝ ይዞ ወደ ኤል ካምፔዮ፣ ከዚያም ወደ ቪያሆዮሳ እንደሚሄድ ገለጸች። ቪያሆዮሳ ላይ መውረድ እንዳይታለፍ አደራ አለች፤ በባሕሩ ፊት የተደረደሩት ቤቶች አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ ቀጣዩ ቀይ ሆነው ዓይን ይስባሉ፣ ከተማይቱም በቸኮሌት ሥራዋ የታወቀች ናት። ቤኒዶርም ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። እዚያ ወርዶ ወደ አልቴያና ወደ ዴኒያ የሚሄደውን ሌላ ባቡር መያዝ ያስፈልጋል። ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ የነበረው የዴኒያ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2023 ተመልሷል። ሆኖም ከአሊካንቴ ዴኒያ ድረስ መሄጃው ብቻ ወደ ሦስት ሰዓት ስለሚጠጋ፣ በአንድ ቀን ለመመለስ ያሰበ ሰው አልቴያ ላይ ቢወርድና ሰማያዊ ጉልላት ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በደረጃው ቢወጣ ይሻለዋል የሚል ምክር ሰጠች።

የታባርካ ደሴት ነገር ደግሞ የኔን ጥያቄ በቀጥታ የነካ ነው። ከአሊካንቴ ወደብ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከሳንታ ፖላ ቢነሱ ቅርብ ነው፣ ግን ሳንታ ፖላ ባቡር የለም። ደሴቲቱ 1,800 ሜትር ገደማ የምትረዝም ስትሆን፣ ቅጥሯና የተሰለፉት ቤቶቿ በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ ናቸው። በቱኒዝያ ጠረፍ ታባርካ በምትባል ሌላ ደሴት ይኖሩ የነበሩና በምርኮ የተያዙ ጄኖዋውያንን ንጉሥ ካርሎስ ሦስተኛ አስለቅቀው አስፍረውባታል፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። በዙሪያዋ ያለው ባሕር እ.ኤ.አ. በ1986 በስፔን የመጀመሪያው የባሕር ጥብቅ ክልል ሆኖ ስለታወጀ፣ ውኃው ሥር ያለው ሣርና ዓሣ ከዳር ቆሞ ይታያል። ነገር ግን ከደሴቲቱ መውጫው ጀልባ ብቻ ነው። እህታችን አንድ ቀን ምሳ በልታ ሳትጨርስ ነፋሱ እየበረታ ስለመጣ የጀልባው ሰዎች ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ቀድመው ተሳፋሪውን መሰብሰብ እንደጀመሩ፣ ገንዘቧን ከፍላ በሩጫ እንደደረሰች አጫወተችን። ወደ ታባርካ የሚሄድ ሰው በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላን ሊኖረው አይገባም ብላ ደመደመች፤ እኔም ሙሉ በሙሉ እደግፋታለሁ።

መልስ 5

ከቨርጂኒያ የጻፉ አንድ አባት፣ አባታቸው በድሬዳዋ ባቡር ፋብሪካ ይሠሩ ስለነበር ጉዳዩን በሌላ ዓይን እንዳዩት ገለጹ። የአሊካንቴው መስመር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲው ባቡርም እንዲሁ ባለ አንድ ሜትር ነበር። የስፔን ዋናው ሐዲድ ግን 1,668 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ኩርባ መታጠፍ ስለሚችል፣ ተራራውን ከመብሳት ይልቅ የተራራውን ወገብ ይዞ መዞርን ይመርጣል። አባታችን እንዳስረዱት፣ ከአልቴያ በኋላ ማስካራት የሚባለውን ገደል ሲያልፍ ባቡሩ እጅግ ቀስ የሚለውም፣ ተሳፋሪው ባሕሩን ከገደሉ አፋፍ የሚያየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልጅ ሆነው ከአዋሽ ወዲህ ባቡሩ ሲጠማዘዝ የኋለኛውን ፉርጎ በመስኮት ያዩ እንደነበር ጽፈዋል። ከዚህ በኋላ የጻፉት ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው።

መልስ 6፣ 7 እና 8

እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ተካረረ። አንድ ሰው የታባርካ የመጨረሻ ጀልባ መቼ እንደሆነ ጠየቀ፤ የአሊካንቴዋ እህት እርሷ በሄደችበት ቀን 11 ሰዓት ተኩል እንደነበረ መለሰች። ከኦስሎ የሚጽፈው አባል ይህንን ከቀትር በፊት ነው ብሎ ስለተረዳው፣ ከምሳ በፊት የሚመለስ ጀልባ ምን ዋጋ አለው ብሎ ጉዞውን ሁሉ አጣጣለው። እርሷ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደጻፈች፣ በአውሮፓው 17፡30 ማለቷ እንደሆነ ስትገልጽ፣ እርሱ ይቅርታ በመጠየቅ ፋንታ አውሮፓ የሚኖር ሰው በአውሮፓ ሰዓት መጻፍ እንዳለበት ሊያስተምራት ሞከረ። አነጋገሩ ደስ አላሰኘኝም። ለሰው ስትል ያን ያህል የደከመች እህት እንዲያ መመለስ አልነበረባትም። በጉዳዩ ላይ ግን ሁላችንም በስፔን የጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደሚታየው በ24 ሰዓት አቆጣጠር እንድንጽፍ ጠየቅሁ፤ በሰዓት ስሕተት ደሴት ላይ የሚቀር ሰው እንዳይኖር።

መልስ 9

ሴቪያ የሚማር ወጣት የካዲዝን መንገድ አመጣ፤ የመነሻ ሐሳቤን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ጉዞ አላውቅም። ከሴቪያ በባቡር ካዲዝ ይገባል፤ ጣቢያው ከወደቡ አጠገብ ስለሆነ ወርዶ በእግር ጥቂት እንደሄዱ የጀልባው መሳፈሪያ ይገኛል። ካታማራን የሚባለው ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ የባሕር ወሽመጡን ተሻግሮ በግማሽ ሰዓት ገደማ ኤል ፑዌርቶ ደ ሳንታ ማሪያ ያደርሳል፤ መጨረሻ ላይ በጓዳሌቴ ወንዝ አፍ ገብቶ በከተማው መሀል ነው የሚቆመው። ከዚያ ወደ ካዲዝ መመለስ ሳያስፈልግ፣ ከሴቪያ የመጣበት ባቡር ኤል ፑዌርቶም ላይ ስለሚቆም ከዚያው ተሳፍሮ ይመለሳል። ጀልባው ሠራተኛው ሕዝብ በየቀኑ የሚመላለስበት እንጂ ለቱሪስት የተዘጋጀ ስላልሆነ ዋጋው አነስተኛ ነው፣ በአውሮፓው ክረምትም ይሠራል። ሌቫንቴ የሚሉት የምሥራቅ ነፋስ ሲነሳ ግን እሱም ይቆማል። በዚያ ቀን ካዲዝ ደርሶ ጀልባ የለም የተባለ ሰው፣ ወሽመጡን የሚዞረውን ባቡር ይዞ ያንኑ ኤል ፑዌርቶ ማየት ይችላል። ጀልባው ቢቀር ከውኃው ላይ የሚታየው ነገር ይቀርበታል እንጂ ቀኑ አይበላሽበትም።

መልስ 10

አንድ አባል በዚያው መስመር ቀድሞ ይመላለስ የነበረውን ቫፖርሲቶ የሚሉትን የእንጨት ጀልባ አስታወሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ካዲዝ ወደብ ውስጥ ሰጥሟል። የካዲዝ ሰው እስከ ዛሬ በቁጭት የሚያነሳው ነገር ነው።

መልስ 11 እና 12

ከሪያድ ለዕረፍት ሊመጣ ያቀደ ወንድም፣ ማላጋ አርፎ በአንድ ቀን ባሕሩን ተሻግሮ ሞሮኮ ያለችው ታንጀር ደርሶ ስለመመለስ ጠየቀ፤ ከማላጋ በባቡር አልሄሲራስ ገብቶ ጀልባ እይዛለሁ የሚል ግምት ነበረው። መልስ 12 የሰጠው የማላጋ ነዋሪ ግምቱን በሁለት ነገር አፈረሰው። አንደኛ፣ ከማላጋ በዳርቻው የሚሄደው ባቡር በአውሮፕላን ማረፊያውና በቶሬሞሊኖስ በኩል ፉዌንሂሮላ ደርሶ እዚያ ያበቃል። ማርቤያ እንኳ ባቡር የላትም። ወደ አልሄሲራስ የሚሄደው ሐዲድ በሮንዳ ተራሮች በኩል ከመሀል አገር የሚወርድ ስለሆነ፣ ከማላጋ በዚያ መንገድ ሄዶ ባሕር ተሻግሮ በዕለቱ መመለስ አይታሰብም። ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። ሞሮኮ ከሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚዘዋወሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል ውጭ ናት። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚሆን የሼንገን ቪዛ የያዘ ሰው ታንጀር ከገባ፣ ቪዛው ገና ጊዜ ቢኖረውም ወደ ስፔን መመለሻ አይሆነውም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሞሮኮ ለመግባትም አስቀድሞ ቪዛ ያስፈልጋል።

መልስ 13፣ 14 እና 15

መልስ 13 እኛን በፍርሃት ከሰሰን። ጸሐፊው የስዊድን ፓስፖርት ይዞ ከታሪፋ ታንጀር በአንድ ሰዓት ገደማ ተሻግሮ፣ ውሎ እንደተመለሰ ጽፎ፣ ሐበሻ ሁልጊዜ ወረቀት ወረቀት ማለት ይወዳል ብሎ ዘለፈ። ይህ ንግግር ልክ አይደለም። የስዊድን ፓስፖርት ያለው ሰው የቆመበት ቦታና የሥራ ፈቃዱ ሪያድ፣ ቪዛው ደግሞ ለአንድ ጊዜ የሆነ ሰው የቆመበት ቦታ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ሰው ቢሳሳት የሚያጣው የአንድ ቀን መዝናኛ ብቻ አይደለም። መልስ 14ን የጻፈችው እህት በበረታ ቋንቋ ይህንኑ ነገረችው፤ ከኔም ይልቅ የእርሷ አባባል ጠንከር ያለ ነበር።

መልስ 15 ነገሩን አቀዘቀዘው፣ ግን ሌላ አደገኛ ሐሳብ አመጣ፤ ታንጀር ከቀረ፣ በሞሮኮ ጠረፍ ያለችው ሴውታ የስፔን ግዛት ስለሆነች ያለ ሥጋት መሄድ ይቻላል የሚል። ሴውታ የስፔን መሆኗ እውነት ነው። ነገር ግን ከሴውታ ወደ ዋናው ምድር ለመመለስ ጀልባ ሲሳፈሩ የማንነትና የሰነድ ምርመራ አለ፤ ከባርሴሎና ታራጎና እንደመሄድ ሊታሰብ አይገባም። የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ወይም ፓስፖርታችሁን ሆቴል ትታችሁ እንዳትሄዱ። ይህ ለሰሜኑም ጫፍ ይሠራል። ከሳን ሴባስቲያን ቶፖ የሚሉትን ባቡር ይዞ ፈረንሳይ ድንበር ላይ ኤንዳይ ወርዶ፣ በትንሽ ጀልባ የቢዳሶአን ወንዝ አፍ ተሻግሮ ኦንዳሪቢያ መግባት ደስ የሚል የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ሁለቱም ወገን ሼንገን ቢሆንም ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በድንበሯ ላይ ቁጥጥር መልሳለች፤ በዚያ ባቡር ውስጥ ሰነድ የተጠየቁ ወገኖችን አውቃለሁ።

መልስ 16፣ 17 እና 18

አንዲት እናት በነሐሴ ለመምጣት እንዳሰቡ፣ ጊዜው ግን ፍልሰታ ስለሆነ በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚጾም ሰው ምን እንደሚበላ ጠየቁ። መልስ 17 ጥሩ አድርጎ መለሰላቸው። ካታሎኒያ ውስጥ በየምግብ ቤቱ በቲማቲም የታሸና የወይራ ዘይት የፈሰሰበት ዳቦ አለ፤ በከሰል የተጠበሰ ቃሪያና ደበርጃን፣ በሽምብራ የተሠራ ስፒናችም አይጠፋም። ስፒናቹ ውስጥ አንዳንዴ ሥጋ ስለሚጨመር ጠይቆ ማዘዝ ነው። መልስ 18 ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ወደሚለው ክርክር ሊወስደን ሲጀምር አቆምኩት፤ ያ ጉዳይ ባለቤት ያለውና ለንስሐ አባት የሚቀርብ ነው። ከዚህ ይልቅ ለእናታችን አንድ ነገር ጨመርኩላቸው። በምዕራባውያን አቆጣጠር የእመቤታችን ዕርገት የሚከበረው ኦገስት 15 ስለሆነ፣ በስፔን በዚያ ቀን መሥሪያ ቤት ሁሉ ዝግ ነው። ባቡሩ በበዓል ሰሌዳ ይሠራል፤ ያም ማለት ቁጥሩ ሲቀንስ ተሳፋሪው በዕጥፍ ይጨምራል፣ ጀልባውም ከጠዋት ይሞላል። በዚያን ዕለት ወደ ባሕር ዳርቻ ባይወጡ ይመረጣል።

መልስ 19

ከነታንያ የጻፈ ወንድም፣ ጀልባ የሌለበት ቢሆንም ፖርትቡ ሳትጠቀስ ልትታለፍ አይገባም አለ። ከባርሴሎና ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ የስፔን ሰፊ ሐዲድና የፈረንሳይ ጠባቡ ሐዲድ የሚገናኙበት የድንበር ጣቢያ ስለሆነ፣ ለመንደሩ ልክ ያልሆነ ግዙፍ የብረትና የመስታወት ጣራ አለው። ፈላስፋው ዋልተር ቤንያሚን እ.ኤ.አ. በ1940 ከናዚዎች ሸሽቶ ፒሬኔን በእግር ተሻግሮ የሞተው እዚያ ነው። ቴል አቪቭ የተወለደው ዳኒ ካራቫን የሠራው መታሰቢያ ከመቃብር ስፍራው ደጃፍ ይጀምራል፤ ዝገት የለበሰ የብረት መተላለፊያ ሆኖ በደረጃ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ወደ ታች የሚወርድ ሰው ከፊቱ የሚያየው ቋጥኙን የሚዞረውን ነጭ አረፋ ብቻ ሲሆን፣ ደረጃው ሳያልቅ አንድ ወፍራም መስታወት መንገዱን ይዘጋዋል። ወንድማችን ሱዳን በረሃ ላይ ስለቀሩ ዘመዶቹ እያሰበ እዚያ ቆሞ እንደነበር ጻፈ። ማንም ምንም አልጨመረበትም፤ እኔም መጨመር አልፈለግሁም።

መልስ 20 እና 21

የሀያኛው ጸሐፊ የስፔን ባቡር በነጻ ስለሆነ ስለ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም አለ። ሀያ አንደኛው ወዲያው አረመው። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ የነበረው ነጻ አገልግሎት በመደበኛነት ለሚመላለስ ሰው፣ አስቀድሞ መያዣ ከፍሎ ለሚወስደው የብዙ ጉዞ ትኬት ነበር። አንድ ጊዜ ሄዶ የሚመለስ እንግዳ ያኔም ይከፍል ነበር። አሁንም ትኬታችሁን ቆርጣችሁ፣ ከጣቢያ እስክትወጡ ያዙት፤ መውጫው በርም ያንኑ ትኬት ይጠይቃል።

መልስ 22

የመጨረሻው ጥያቄ ከጋሊሲያ ጠረፍ መጣ። ሊዝበን የምትኖር እህት ቪጎ ደርሳ ወደ ሲየስ ደሴቶች ለመሻገር ወደቡ ላይ ትኬት ስትጠይቅ፣ ፈቃድ የለሽም ተብላ መመለሷን ጽፋ፣ ሰው በዝቶ ነው ወይስ አድልዎ ነው ብላ ጠየቀች። አድልዎ አይደለም። ሲየስ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የብሔራዊ ፓርክ አካል ስለሆነ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር ተወስኗል። መጀመሪያ ከጋሊሲያ መስተዳድር ድረ ገጽ ላይ በስም ነጻ ፈቃድ መውሰድ፣ ከዚያ በተሰጠው ቁጥር የጀልባውን ትኬት መግዛት ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ተይዞ ትኬቱ በጊዜው ካልተገዛ ፈቃዱ ይሰረዛል። በሐምሌና በነሐሴ ቅዳሜና እሑድ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ከሊዝበን ከመነሳቷ በፊት ሁለቱንም በእጇ ብታደርግ ጥሩ ነው። ባሕሩ ተናውጦ ጀልባው ከቀረ ደግሞ ከዚያው ወደብ ወደ ካንጋስ የሚመላለሰው የነዋሪዎች ጀልባ አለ። በወሽመጡ ውስጥ ተከልሎ ስለሚሄድ ወደ ደሴቶቹ የሚወጣውን ያህል አይቸገርም፤ ሀያ ደቂቃ ገደማ ነው የሚወስደው። እርሱም ቢሆን በዕለቱ የሚሠራ መሆኑን ትኬት መሸጫው ላይ ጠይቃ ትሳፈር።